የጂፑ መሣሪያ ሳጥን፦ የድሮ የጦር መፍቻ መለየት

ሳጥኑ

ጂፑ የ1943 ፎርድ ጂፒደብሊው ነው፤ በዊሊስ ንድፍ ፎርድ የሠራው ዓይነት። እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሞተሩና ፍሬኑ የራሳቸው ደብተር አላቸው፤ ይሄኛው የእጅ መሣሪያው ብቻ ነው። መኪናውን የገዛሁት እዚሁ ሜሪላንድ ከአንዲት ጎረቤቴ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ጋራዡን ሲያስለቅቁ አንድ የእንጨት ሳጥን ጨመሩልኝ፤ «የእሱው ነው፣ ከጂፑ ጋር ይሂድ» ብለው። ለሁለት ሰው የሚከብድ ሳጥን ነው።

ውስጡ አፈ ክፍት መፍቻ በብዛት፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ መዶሻ፣ ቡሶላ (ዳዶ ላይ የሚሰካ መፍቻ)፣ የግራሶ ፓምፕ፣ ማኖቬላ (ሞተር በእጅ ማስነሻ ዘንግ)፣ ከሥሩም ምንነቱ የማይለይ ብዙ ብረት። ሁሉም ላይ የደረቀ ግራሶና ዝገት ተጋግሯል።

ሁሉንም የማዳን ሐሳብ የለኝም። የፈለግሁት ጂፑ ይዞት ይሄድ የነበረውን መሣሪያ ማሟላት ነው። የአሜሪካ ጦር በፌብሩዋሪ 1944 ያወጣው መመሪያ፣ ቲኤም 9-803፣ ዝርዝሩን ይዟል። ከእሱ ወደ ደብተሬ የገለበጥኩት ይህ ነው፦ አምስት አፈ ክፍት መፍቻ፣ ባለ 11 ኢንች የመኪና መፍቻ (በጠመዝማዛ የሚሰፋው ዓይነት)፣ ባለ 8 ኢንች የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ፣ ጀርባው ድቡልቡል የሆነ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የጎማ ዳዶ መፍቻ፣ የኩሽኔታ ዳዶ መፍቻ፣ ክሪክ፣ የጎማ ፖምፓ፣ የግራሶ ፓምፕ፣ ማኖቬላ። መጥረቢያውና አካፋው ከውጭ፣ በሾፌሩ በኩል ጎኑ ላይ ይታሰራሉ።

እጥበት

የመጀመሪያው ሥራ የሽቦ ብሩሹን ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት ነበር። የድሮ መሣሪያ ያገኘ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው፤ ጣጣውም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሽፋኑ ከተላጠ ዘመኑን የሚናገረው ምልክት አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው የጤና ጉዳይ ነው። ክሮም ለጦር መሣሪያ ብረት ስለተፈለገ ከ1942 ጀምሮ ለእጅ መሣሪያ መዋሉ ተገድቦ ነበር። ፋብሪካዎቹ መፍቻውን በካድሚየም፣ በፎስፌት ወይም በጥቁር ኦክሳይድ መሸፈን ያዙ፤ አንዳንዱን ጭራሽ ሳይሸፍኑ ሸጡት። ካድሚየም መርዝ ነው። በሞተር ብሩሽ ከተፈጨ ብናኙ ሳንባ ይገባል፤ በእሳት ከሞቀ ደግሞ ጭሱ ይብሳል። ስለዚህ ጓንት፣ ላምባ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ጨርቅ። ቀስ ያለ ሥራ ነው፤ ግራሶው ግን እንደ ድሮ ሰም ሽፋኑን ጠብቆት ስለቆየ ከሥሩ የወጣው ብረት ከጠበቅሁት በላይ ደህና ነው።

ኮምጣጤም ሞከርኩ። አፉ የተሰነጠቀ፣ ከእንግዲህ የማያገለግል መፍቻ ስለነበር መስዋዕት የሆነው እሱ ነው። አድሮ ሳወጣው ዝገቱም ሽፋኑም አብረው ወርደው ግራጫ ባዶ ብረት ቀረ። አሲድ ካድሚየምን ይበላዋል። ያ መንገድ እዚያው ተዘጋ።

ሽፋን የሌላቸውን፣ ማለትም መዶሻውን፣ ማኖቬላውንና የክሪኩን ዘንግ፣ በኤሌክትሪክ አጸዳሁ። የፕላስቲክ ባልዲ፣ ውኃ፣ የልብስ ሶዳ፣ የባትሪ ቻርጀር። ኔጋቲቩ ከሚጸዳው ዕቃ፣ ፖዘቲቩ ከማይፈለግ ተራ ብረት ጋር ይያዛል። ለፖዘቲቩ ስቴንለስ ስቲል መጠቀም አይገባም፤ ክሮሙ ወደ ውኃው ይወጣና ውኃው ራሱ መርዝ ይሆናል። ሃይድሮጅን ስለሚወጣም ሥራው ከቤት ውጭ ነው። ሶዳው 5 ዶላር፤ ቻርጀሩ ድሮም ነበረኝ።

ሽፋን

ከታጠበ በኋላ መሬት ላይ ዘርግቼ በሽፋኑ ከፈልኩት። የሚያበራ ክሮም አንድ ወገን፣ ደብዛዛ ብር የሚመስለውና ጥቁሩ ሌላ ወገን፣ ባዶው ለብቻ። የክሮሙ ክምር ትልቁ ነው፤ በአብዛኛውም ከጦርነቱ በኋላ የተገዛ ይመስላል። ባለቤቱ ጂፑን ለዓመታት ሲያሽከረክሩ እየገዙ የጨመሩት መሆን አለበት። ሽፋን ብቻውን አይፈርድም፤ መጋዘን የነበረ የቅድመ ጦርነት ዕቃም እየወጣ ይታደል ነበርና። ግን የመጀመሪያ ወንፊት ሆኖ በደንብ ይሠራል። ለዓይን የማያምረው ክምር ነው ዋናው።

ልኬት

ጊዜዬን የበላው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህን ይመስለኛል። መሣሪያ ለመለየት ሁሉም መጀመሪያ የሚፈልገው ጽሑፍ ነው። እኔ ግን መካኒክ ነኝ፤ መፍቻ የሚታወቀው በሚይዘው ዳዶ ነው። ጽሑፍ ይጠፋል፣ ይጨመራል፣ ይኮረጃል። የአፉ ስፋት ግን ፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው።

ለዚያም ቢሆን የት እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ የሠራ መፍቻ ጫፉ ላይ ይከፈታል። ካሊፐሩን (ስፋት መለኪያውን) ከንፈሩ ጫፍ ላይ ካስገባኸው ውሸት ነው የሚነግርህ፤ ወደ ጉሮሮው ጠጋ ብሎ፣ ዳዶው ያልበላው ቦታ ላይ ነው መለካት ያለበት። አንዱ መፍቻ ጫፉ ላይ 14.9 ሚሊሜትር፣ ጉሮሮው ላይ 14.4 ሰጠኝ። እውነቱ 9/16 ኢንች ነው፤ ማለትም 14.29 ሆኖ ለማስገቢያ ትንሽ የተተወለት።

የጂፑ አምስት መፍቻዎች ልክ እነዚህ ናቸው፦ 3/8 ከ7/16፣ 1/2 ከ19/32፣ 9/16 ከ11/16፣ 5/8 ከ25/32፣ 3/4 ከ7/8። 19/32 እና 25/32ን ልብ በሉ። የዛሬ የኢንች መፍቻ ስብስብ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል፤ የድሮው የአሜሪካ ብሎን ልክ ናቸው። ሳጥኔ ውስጥ ግማሽ ኢንች አፍ ያለው መፍቻ ሞልቷል፤ የአብዛኛው ሌላኛው ጫፍ ግን 9/16 ነው። እሱ ለመኪናው ይሠራል፣ ለዝርዝሩ ግን አይሆንም። ሁለቱንም ጫፍ ሳይለካ የሚገዛ ሰው እዚህ ጋ ነው ገንዘቡን የሚያጣው።

አዲስ አበባ ጋራዥ ያደግን ሰዎች ሁሉንም በሚሊሜትር ነው የምናስበው። «19 አቀብለኝ» ማለት ለ3/4 ያስኬዳል፤ 19.05 ነውና። 8 ቁጥርም ለ5/16 ይገባል። ከዚያ ውጭ ግን መከራ ነው፦ 14 ለ9/16 አይገባም፣ 11 ለ7/16 ከገባም በግድ ነው፣ 13 ደግሞ ግማሽ ኢንቹ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጠርዙን ይበላዋል። የጂፑ ሞተር ላይ ጠርዛቸው የተበላ ብሎኖች አሉ፤ ከእኔ በፊት በሚሊሜትር የሞከረ ሰው እንዳለ ብሎኖቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

አንድ መፍቻ ግን ከየትኛውም አልገጥም አለ። ጉሮሮው ላይ 15.3 ሚሊሜትር። ለ19/32 (15.08) ትንሽ ሰፋ፣ ለ5/8 (15.88) ጠበበ፤ ከሚሊሜትር ልክም ወደ 15 ይጠጋል እንጂ ልክ 15 አይደለም። በላምባ ደጋግሜ ካሸሁት በኋላ ከእጀታው ላይ «5/16 ደብሊው» የሚል ወጣ፤ አጠገቡ የወፍ ኮቴ የሚመስል ሦስት ጭረት። ሦስቱ ጭረት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት የሆነው ቀስት ነው። ደብሊው ዊትዎርዝ ነው፤ የድሮው የእንግሊዝ የብሎን ልክ። ዊትዎርዝ ላይ የተጻፈው ቁጥር የዳዶውን ስፋት ሳይሆን የብሎኑን ውፍረት ነው የሚናገረው፤ 5/16 ብሎ ጽፎ አፉ 0.600 ኢንች ነው። 19/32 ደግሞ 0.594። ልዩነቱ ከወረቀት ብዙም አይበልጥም። አሜሪካኖቹ ጂፕን በውሰትና ኪራይ ሕጉ ለእንግሊዝ በብዛት ሰጥተዋል፤ 19/32 የጠፋበት ሰው ይህን አንስቶ ቢሠራበት ፍጹም ያስኬደዋል። እኔም ሞከርኩት፣ ያዘ። ዝርዝሩ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ከሳጥኑ ግን አላወጣውም።

የካናዳ ዕቃ ሲሆን ያው ቀስት በሲ ፊደል ውስጥ ይገባል። ሳጥኔ ውስጥ የለም፤ ገበያ ላይ ግን አይቻለሁ።

ፊደል

ልኩ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ጽሑፉ የሄድኩት። ደብዛዛ ጽሑፍ ለማንበብ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ዱቄት ወይም የሕፃን ፓውደር ቀብቶ ላዩን መጥረግ፣ የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርጎ ማብራት፣ እምቢ ካለ ስስ ወረቀት ደርቦ በእርሳስ ማሸት። የመጨረሻው ፎቶ ላይ የማይታየውን ሁሉ ያወጣል።

ፎርድ ለጂፒደብሊው በሠራቸው ክፍሎች ላይ፣ እስከ ብሎን ራስ ድረስ፣ የተጠማዘዘች ኤፍ አስቀምጧል። መሣሪያዎቹም ላይ አለች። ማኖቬላው ከባልዲው ሲወጣ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። ሙሉው «ፎርድ» የሚለው የእጅ ጽሑፍ ካለበት ግን ይጠርጠር፤ ያ ከድሮው የፎርድ መኪና ከሞዴል ቲ ጀምሮ ከሲቪል መኪና ጋር ይሰጥ የነበረ ዕቃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሦስት መፍቻ ከክምሩ ወጣ። ጥሩ መፍቻ ናቸው፤ የጂፑ ግን አይደሉም።

ሌሎቹ ስሞች፦ ባርካሎ ከቡፋሎ፣ ቭልቼክና ፌርማውንት ከክሊቭላንድ፣ ቦኒ ከአለንታውን፣ ኸርብራንድ ከፍሪሞንት ኦሃዮ። ባርካሎ ኋላ ላይ የታወቀው ወደ ኋላ በሚለጠጥ የሳሎን ወንበር ነው። ምናልባት ባለቤቱ መፍቻውም ወንበሩም ነበራቸው። አንድ ፕሎምብም አለ፤ የሎስ አንጀለስ ፋብሪካ ነው። ፕላምብ ከተባለው የፊላደልፊያ መዶሻ ሠሪ ጋር በስም ተካስሶ በ1940ዎቹ መጨረሻ ፕሮቶ ወደሚል ስም ዞሯል። ስለዚህ ፕሎምብ የሚል መሣሪያ ቢዘገይ እስከዚያ ዘመን ድረስ የተሠራ ነው፣ ፕሮቶ ብቻ የሚል ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ማጭበርበር፦ ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ አንድ ሻጭ ኤፍ ያለበት መፍቻ 60 ዶላር ጠራብኝ። አጉሊ መነጽር ይዤ ነው የምዞረው። የኤፍዋ ጠርዝ ስለታም ነው፣ ከሥሯ ያለው ብረት የሚያበራ፣ ዙሪያዋ ግን የሰማንያ ዓመት ዝገት። ዝገቱን ቆርጦ የገባ ምልክት ከዝገቱ በኋላ የተመታ ነው። የድሮው ምልክት ውስጡም እንደ ዙሪያው ጠቁሯል። ከብረቱ ጋር አብሮ ተቀጥቅጦ ወደ ውጭ የወጣ ፊደል ሲሆን ደግሞ ለማስመሰል በጣም ከባድ ስለሆነ እሱን የበለጠ አምናለሁ። መፍቻውን መልሼለት ሄድኩ።

ቁጥር

በጦርነቱ ጊዜ የጦሩ የእጅ መሣሪያ መለያ በ41 ይጀምራል፤ ቀጥሎ አንድ ፊደል፣ ቀጥሎ ቁጥር። ፊደሉ የዕቃው የእንግሊዝኛ ስም መጀመሪያ ነው፦ ደብሊው ለመፍቻ፣ ኤች ለመዶሻ፣ ኤስ ለካቻቪቴ፣ ፒ ለፒንሳ። መኪናው ራሱም የቡድን ቁጥር አለው፤ ጂፑ ጂ-503፣ የዶጅ ሦስት አራተኛ ቶኑ ጂ-502፣ የጂኤምሲ ሁለት ተኩል ቶኑ ጂ-508። ዝርዝር ሲፈለግ በእነዚህ ነው የሚገኘው።

ፒንሳው ላይ ግን 5120 ብሎ የሚጀምር ባለ 11 አኃዝ ቁጥር አገኘሁ። ይህ የ1950ዎቹ ሥርዓት ነው፤ 5120 ኃይል የማይጠቀም፣ ስለት የሌለው የእጅ መሣሪያ ክፍል ነው። ከ1974 በኋላ ቁጥሩ 13 አኃዝ ሆኖ መሐል ላይ የአገር መለያ ገባበት፤ 00 ወይም 01 አሜሪካ፣ 99 እንግሊዝ፣ 12 ጀርመን፣ 15 ጣሊያን። ስለዚህ አኃዙን መቁጠር ብቻውን ዘመኑን ይከፍለዋል። ፒንሳው የጦር ነው፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን አይደለም። «የጦርነቱ ዘመን» ተብሎ የሚሸጥ ስንት ዕቃ በዚህ አንድ ቁጥር ይወድቃል!

ፎቶ ከምናለሽ ተራ

5/8 ከ25/32 ጠፋ። እዚህ አገር ቢገኝም ሰብሳቢዎቹ ዋጋውን ሰቅለውታል። ታናሽ ወንድሜ መርካቶ አካባቢ ስለሚሠራ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ብሎ በቴሌግራም ፎቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። «ወንድም ጋሼ፣ ፎቶ ሳነሳ ሰዎቹ ዋጋ ይጨምራሉ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ በኋላ እየገዛ ቤት ወስዶ ማንሳት ጀመረ።

የላካቸው ፎቶዎች ራሳቸውን የቻሉ ትምህርት ናቸው። 17 ከ19 እና 22 ከ24 የሚል፣ ጽሑፉ ሩሲያኛ የሆነ መፍቻ ሞልቷል፤ ከ1977 በኋላ ጋዝና ዚል ከተባሉት የሶቪየት መኪኖች ጋር የገባው ነው። ቀስት ያለበት የእንግሊዝ ዕቃ አለ፤ እንግሊዞቹ በ1941 ከመጡ ወዲህ የቀረ። የጣሊያን ስም ያለው አለ። 5120 ያለበትም አለ፤ በ1953 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ያመጣው ዕቃ ከዚያ ቁጥር ሥርዓት ጋር ይገጥማል። ጦሩን በየዘመኑ ማን እንዳስታጠቀው ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል።

በአራተኛው ጥቅል ፎቶ ላይ አንድ ጥቁር መፍቻ ነበር። «ካሊፐር የለኝም» ስላለኝ የ20 ቁጥር ብሎን ራስ ላይ እንዲሞክረው ነገርኩት። «ለጥቂት አልገባም» አለ። 25/32 ማለት 19.84 ነው፤ ለ20 ለጥቂት አለመግባት የሚጠበቅ ነው። ሌላው አፍ ላይ ደግሞ የ16 ብሎን ለጥቂት እምቢ አለው፤ 5/8 15.88 ነውና እሱም ገጠመ። ላስቀረው ከመጠየቄ በፊት ጎኑን በዱቄት አሽቶ አንድ ፎቶ ጨመረ፦ ቭልቼክ።

ዋጋው 500 ብር። መላኩ ነው ያስቸገረው። ወደ ዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ተገኘ፤ ግን የእጅ ሻንጣ ውስጥ ብረት መፍቻ ይዞ መግባት የኤርፖርት ጣጣ ስለሆነ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በሚጫነው ሻንጣ እንዲያስገባው ለመንኩት። ሲደርስ መፍቻው በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ላምባውም አላስለቀቀውም።

ጎማ

የጎማ ዳዶ መፍቻው የሳጥኑ ነው፣ 3/4 ኢንች። ሥራ ላይ ሳውለው የጂፑ ትልቁ ወጥመድ ብቅ አለ፦ በሾፌሩ በኩል ያሉት የጎማ ዳዶዎች ጥርሳቸው ወደ ግራ የዞረ ነው። በዚያ ወገን ለመፍታት ወደ ቀኝ ነው የሚታጠፈው፤ በቀኝ በኩል ያሉት እንደ ማንኛውም ዳዶ። የፊተኛው ግራ ጎማ ላይ አንድ ብሎን ተቆርጦ ቀርቷል፤ ድሮ የሠራ አንድ ጋራዥ ቧንቧ ጨምሮ ወደ ተለመደው አቅጣጫ ታግሎት ነው። አዲስ የግራ ብሎን 7 ዶላር፤ የቀረውን አስወጥቶ በፕሬስ ማስገባት ግን ግማሽ ቀን በላ። ብሎኑ ጫፍ ላይ ኤል ካለ ግራ ነው። የግራዎቹን ዳዶዎች ቀይ ቀለም ነክቻቸዋለሁ፤ ለሰብሳቢ አያምርም፣ ለሚቀጥለው ሰው ግን ብሎን ያድናል።

የኩሽኔታው ዳዶ 2 ከ1/8 ኢንች፣ ማለትም 54 ሚሊሜትር ነው። መፍቻው የላሜራ ቱቦ ይመስላል፤ ጫፉ ስድስት ማዕዘን፣ ጎኑ ላይ ማዞሪያ ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ። ከሳጥኑ ሥር «ምንነቱ የማይለይ ብረት» ብዬ ከለየሁት ውስጥ ነው የተገኘው። ዝቅ ብሎ ስለተጨፈለቀ ሞርሳ ላይ የእንጨት ጉልቻ አስገብቼ ቀስ ብዬ መለስኩት። ብዙ ሰው ይህን መፍቻ ስላጣ ዳዶውን በመሮና በመዶሻ ይመታዋል፤ የእኔም ዳዶ ጠርዙ ላይ የመሮ ጠባሳ አለበት።

እስካሁን ያለው

ከአምስቱ መፍቻ አምስቱም አሉ፤ ሁለቱ ኤፍ፣ አንዱ ባርካሎ፣ አንዱ ኸርብራንድ፣ አንዱ በርበሬ የሚሸተው ቭልቼክ። ባለ 11 ኢንቹን የመኪና መፍቻ 45 ዶላር ገዛሁ፣ ባለ 8 ኢንቹ ከሳጥኑ ወጣ። ካቻቪቴው እጀታው እንጨት ነው፤ ተሰንጥቆ ስለነበር በሙጫና በሲባጎ አስሬዋለሁ። ፒንሳ ገና ነው፤ ባለ 5120ው በጊዜያዊነት ቦታውን ይዟል። ክሪኩ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ግራሶ ብቻ ነው የፈለገው። አካፋው ላይ ዩኤስ አለ፣ መጥረቢያው ላይ ምንም የለም፤ እጀታው አዲስ ስለሆነ ስለ ዘመኑ ምንም ማለት አልችልም። ሁለቱንም አስሬያቸዋለሁ።

ፖምፓው 30 ዶላር ተገዛ፣ አየር ግን አይገፋም። ፈትቼው ውስጡ ያለው የቆዳ ጽዋ ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኖ አገኘሁት። ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፏል። ካልለሰለሰ ከአሮጌ ቀበቶ ቆርጬ አዲስ እሠራለሁ፤ ዲያሜትሩ 32 ሚሊሜትር፣ ከንፈሩ ወደ ታች።